ከትርሲት ላይ የቀነስኩት ሁለት ዓመት

ከአገር የወጣ ሰው ሁሉ «በሌሊት ነው የወጣሁት» ይላል። ጨለማው፣ ጅቡ፣ መንገድ መሪው፣ የውሻው ጩኸት አይቀርም። እኔም እንደዚያ ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ከእንግዲህ መዋሸት ትቻለሁ። ለምን እንደተውኩ ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

እኛ የወጣነው ከጠዋቱ በአራት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት እየበሳች፣ በሕዝብ አውቶቡስ፣ ለቅሶ ለብሰን ነው። ባለቤቴ በለጡ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እኔ ጺሜን ሳልላጭ፣ ልጃችን ትርሲት ጥቁር ቀሚስ ለብሳ። ጎንደር አጎት ሞቶብን ልንቀብር ነው ተባለ። አጎቱ አልሞተም፤ ጭራሹን አልተወለደም። እኔ ነኝ ቁጭ ብዬ የፈጠርኩት። መጀመሪያ ፊታውራሪ አድርጌው ነበር። በለጡ «በዚህ ዘመን ፊታውራሪ ገድለህ እኛን ልታስገድል ነው?» ስትለኝ ደሃ ገበሬ አደረግኩት።

ኬላው ላይ አንድ ወታደር ወጣና እኔን ትቶ ትርሲትን ጠየቃት። «ማን ሞቶባችሁ ነው?»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። «አጎቴ» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ወታደሩ ራሱ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው፤ «ያጥናችሁ» ብሎ ወረደ። እኔም ጀርባዋን መታ መታ አድርጌ «ጎበዝ!» አልኳት። ውሸት ስለዋሸች ሳመሰግናት የመጀመሪያዬ ነበር። ያ ውሸት ነፍሳችንን ያተረፈ ስለሆነ አላፍርበትም። የማፍረው በሁለተኛው ነው።

ከጎንደር ወዲያ ያለውን የእግር መንገድ ስንቱ ስለተረከው እዘለዋለሁ፤ የምጨምርበት ቢኖር ጫማዬ ከእኔ ቀድሞ መሞቱን ብቻ ነው። ካርቱም ደረስን። ሙቀቱን አልነግራችሁም፤ እንቁላል ከገበያ ገዝታችሁ ቤት እስክትገቡ ተቀቅሎ ይጠብቃችኋል። እዚያ የስደተኛ ፎርም ልንሞላ ተሰልፈን ሳለ ቀድሞን የመጣ አንድ ያገራችን ሰው መከረኝ።

«ጋሼ፣ አሜሪካን አገር ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባው በዕድሜው ነው። ቋንቋ ሳትችል ከትልልቆቹ ጋር ከቀላቀሏት ተደናግራ ትቀራለች። ሁለት ዓመት ይቀንሱላት።»

ምክሩ ጣመኝ። ዕድሜዬን ሁሉ ነገር ሳጋንን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ዓሣ ባጠምድ አዞ አድርጌ ነው የማወራው። መቀነስን ያን ቀን ብሞክረው ምን ይለኛል? ለራሴ ሰባት ዓመት ቀነስኩና በወረቀት ከታናሽ ወንድሜ አንሼ ቀረሁ። ለትርሲት ሁለት ቀነስኩ። በበለጡ መቀነት ተቋጥሮ የመጣውን የክርስትና ወረቀቷን ደግሞ ከቃሌ ጋር እንዳይጣላብኝ ቀዳድጄ ለካርቱም ነፋስ ሰጠሁት። ቀኑንና ወሩን ጸሐፊው ራሱ ለሦስታችንም አደለን፤ ጃንዋሪ አንድ።

«አባዬ፣ እኔ እኮ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው» አለች ትርሲት እጄን ጎትታ።

«ዝም በይ። ዘጠኝ ነሽ።»

«ሁለቱን ዓመት ታዲያ የት አደረግነው?»

«ለጊዜው አስቀመጥነው። አሜሪካ ስንደርስ እመልስልሻለሁ።»

ሰልፉ ውስጥ የቆመው ሁሉ ሳቀ። እኔም ባሳቀው ቃሌ ረክቼ ረሳሁት። እሷ ግን አልረሳችውም።

ሎስ አንጀለስ ስንገባ ሚድ ሲቲ የሚባል ሰፈር፣ የፒኮ ጎዳና አውቶቡስ ከመስኮታችን ሥር የሚያጓራበት አንድ መኝታ ቤት ያለው አፓርትመንት አገኘን። ባለቤቱ ቁልፉን ይዞ እንደ መርማሪ ጠየቀኝ።

«ሽታ ያለው ምግብ ትሠራላችሁ?»

«ሽታ የሌለው ምግብ አለ እንዴ?» አልኩት።

ቁልፉን ሰጠኝ፤ ፊቱን ግን አልሰጠኝም። እኔ ፓርኪንግ ሎት ሥራ ያዝኩ፤ መኪና የሌለው ሰው በቀን መቶ መኪና ፓርክ የሚያደርግበት አገር ነው። ሰማዩ ዓመቱን ሙሉ መስከረም ይመስላል፣ አደይ አበባው ብቻ የለም። ዝናቡ ደግሞ ሲመጣ እንደ ባለዕዳ ተደብቆ መጥቶ ተደብቆ ይሄዳል። እንደኛ ሐምሌ ጣራ እየደበደበ «አለሁ» አይልም።

ትርሲት በወረቀቷ መሠረት ከትንንሾቹ ክፍል ገባች። ከመካከላቸው ስትቆም የስልክ እንጨት ትመስላለች። አንድ ቀን የስፖርት አስተማሪዋ ኳስ ወርውሪ ብላት ወረወረችው፤ አጥሩን አልፎ መንገድ ተሻገረ። አልገረመኝም። በታላቅ እህቴ በእትዬ ጥሩወርቅ ግቢ ውስጥ የዘይቱን ፍሬ በድንጋይ ስታራግፍ ያደገች ልጅ ናት፤ አንድም ፍሬ ስታ አታውቅም። አስተማሪዋ አንድ ወረቀት ላከችልን። ሴቶች ልጆች ሶፍትቦል የሚባል የዱላና የኳስ ጨዋታ የሚጫወቱበት ሊግ አለ፣ ቅዳሜ ፓርኩ ውስጥ ይመዘገባል ይላል።

ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግታ የምትመዘግበው የቡድኑ አሠልጣኝ ሚስ ሮዛ ነበረች። ወላጆቿ ከሜክሲኮ የመጡ፣ ቁመቷ እስከ ብብቴ የሚደርስ፣ ድምፅዋ ግን እስከ ፌርፋክስ ጎዳና የሚሰማ ሴት። የልደት ወረቀት ስትጠይቀኝ የስደተኛ ወረቀታችንን ዘረጋሁላት። ገለበጠችው፣ መልሳ ገለበጠችው።

«ሶ፣ ሦስታችሁም ጃንዋሪ አንድ ነው የተወለዳችሁት?»

«በእኛ አገር እናቶች ተጠራርተው ነው የሚወልዱት» አልኳት በሰባራ እንግሊዝኛዬ።

ጠረጴዛውን እየደበደበች ሳቀች። ያሳቅኩት ሰው ያምነኛል፤ የዕድሜ ልክ ሙያዬ ይህ ነው። ትርሲት የአሥራ ሁለት ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ቡድን ውስጥ ገባች። ያን ጊዜ እውነተኛው ዕድሜዋ አሥራ አራት ነበር።

እንግዲህ ልጁን ሶፍትቦል ሊያስገባ ላሰበ ወገኔ ያየሁትን ልንገር። ኳሱ ስሙ ለስላሳ ነው እንጂ ራሱ ድንጋይ ነው። ጓንቱ የሚደረገው በማይወረውሩበት እጅ ነው፤ እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ በቀኟ አስደርጌያት ነበር። አዲስ ጓንት ስለሚደርቅ ቅባት ቀብታችሁ፣ ኳስ አቅፎ እንዲያድር እሰሩት ይላሉ። በለጡ የፀጉር ቅቤዋን ቀባችው፤ በማግሥቱ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ትርሲትን አጅቦ ልምምድ ወሰዳት። ልጅን አድርሶ መሄድ የለም፤ ወላጅ ወይ መስመር ያሰምራል፣ ወይ ውኃ ያድላል፣ ወይ ነጥብ ይጽፋል። መክሰስ ተራ አለው። ሌሎቹ ብርቱካን ቆራርጠው ሲያመጡ በለጡ ድፎ ዳቦ ጋግራ መጣች፤ ልጆቹ ጨዋታውን አቋርጠው በሉት። እልልታም ጊዜ አለው። የራሳችን ልጅ ኳሱን ሰማይ ላይ ስትልከው በለጡ አቀለጠችው፤ ለካስ የተቃራኒ ቡድን ልጅ ከአየር ላይ ከቀለበችው የመታችው ልጅ ከጨዋታ ትወጣለች። የወላጆቹ ዓይን ሁሉ እኛ ላይ ሆነ።

ዱላና ኳስ ሳይ ያው የገና ጨዋታ ነው ብዬ ነበር። እኛ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንላለን፤ ያን ቀን ሎሌ ጌታውን ቢፈነክት ይሳቃል። እዚህ ግን ጌታው ይቆጣል፣ እመቤቲቱም ትቆጣለች፣ ደንቡም በመጽሐፍ ተጽፏል። ከደንቡ ሁሉ በላይ ደግሞ ዕድሜ ነው። ሕፃን ከሕፃን ጋር፣ ጎረምሳ ከጎረምሳ ጋር፤ ጥብቅ ነው። እኔ ይህን ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

ትርሲት አምስት ጨዋታ አሸነፈች። «ቡድኑ አሸነፈ» ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ግን እንደዚያ አላወራሁም። ፌርፋክስ ላይ ያኔ የእኛ ሰው ምግብ ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር፤ በሁሉም ገብቼ ለፈፍኩ። ልጄ የመታችው ኳስ አውሮፕላን ሊጥል ነበር አልኩ። ከኮሪያታውን ሰፈር ድረስ መጥተው የሚያዳምጡኝ ነበሩ። ወንድሞቼ፣ የሰው ልጅ ሲኮራ ጆሮው ይደፈናል።

«አንተ፣ ልጅቷን አየሃት?» አለችኝ በለጡ አንድ ጠዋት። «እየጎበጠች ነው።»

«ኳስ ለመልቀም ነዋ።»

«ሳቅህን ተው። ከእነዚያ ሕፃናት እኩል ለመሆን ነው የምትጎብጠው። ጡት ያወጣች ልጅ እኮ ናት። ለአሠልጣኟ ንገራት።»

«ግሪን ካርዳችን ሳይመጣ? ዕድሜ ዋሽቻለሁ ልበል? በመጣንበት መንገድ ይመልሱናል፤ ጫማ ደግሞ የለኝም።»

ፈርቼ ነበር፤ እሱ እውነት ነው። ግን ካፈርኩ አይቀር ሙሉውን ልናገር፤ ከፍርሃቱ ይልቅ ማሸነፉ ይዞኝ ነበር። በዚህ አገር እኔ የሰው መኪና ቁልፍ ተቀባይ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የትርሲት አባት ነበርኩ።

ስድስተኛው ጨዋታ ቶራንስ በምትባል ከተማ ነበር። በሚስ ሮዛ መኪና ሄድን፤ በለጡ ሥራ ስለነበራት ቀረች። ከሜዳው ማዶ የነዳጅ ማጣሪያው ቧንቧ ሁሉ ያጨሳል። ትርሲት ተራዋ ደርሶ ቆመች፣ ጎበጥ ብላ። ኳሱ መጣ፣ መታችው። መሬት ለመሬት እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ሄዶ ፀጉሯን በሁለት የተጎነጎነች አንዲት ትንሽ ልጅ ክንድ ላይ አረፈ። ልጅቷ ተዘረረች። ትርሲት ለነጥብ መሮጥ ሲገባት ዱላዋን ጥላ ወደ ልጅቷ ሮጠች።

የልጅቷ አባት፣ በር የሚያክል ሰውዬ፣ ሜዳ ገባ። «ይቺ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቷ ከሆነ እኔ ፕሬዚዳንት ነኝ!»

«እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት።

ማንም አልሳቀም። የሊጉ ኃላፊ፣ ሰሌዳ የታቀፈ ሽማግሌ፣ ወደ ሚስ ሮዛ መጣ። እሷም ከፊቴ ቆመች። «ወረቀቷን አይቻለሁ። አባቷን አውቀዋለሁ። እሱ አሥራ ሁለት ካለ አሥራ ሁለት ናት፤ ቃሌን እሰጣለሁ።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረ። «ሰር፣ ልጅህ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። «ይቅርታ» ማለትም ይቻል ነበር። እኔ ግን ቀኝ እጄን አነሳሁ። «በቅዱስ ሚካኤል! አሥራ ሁለት!» አልኩ፣ እንዲገባቸው «ሴይንት ማይክል!» ብዬ ጨመርኩበት።

ትርሲት የወደቀችውን ልጅ ራስ ደግፋ ተንበርክካ ነበር። ተነሥታ መጣች። መጀመሪያ ለእኔ፣ ቀስ ብላ፣ በአማርኛ፤ «አባዬ፣ ተው። በሚካኤል አትማል፤ የተወለድኩበት ነው።» ከዚያ ወደ ሚስ ሮዛ ዞራ መሬት መሬት እያየች፤ «አይ አም ፎርቲን» አለች።

እኔስ ምን አደረግኩ? ቀለድኩ። «የእኛ ካሌንደር እኮ ወደ ኋላ ነው! በእኛ አቆጣጠር እናንተም ሁላችሁ ልጆች ናችሁ!» አልኩና ብቻዬን ሳቅኩ። ሚስ ሮዛ አየችኝ። በካርቱም ፀሐይ አልተቃጠልኩም፣ በዚያ ዓይን ግን ተቃጠልኩ።

የወደቀችው ልጅ ክንዷ አበጠ እንጂ አልተሰበረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አምስቱ ድላችን ግን በሙሉ ተሰረዘ። የእኛ ልጆች፣ የበለጡን ዳቦ የበሉት፣ እየተቃቀፉ አለቀሱ። አንዷ ትርሲትን ልታቅፋት ስትል እናቷ ጎትታ ወሰደቻት።

ከቶራንስ እስከ ፒኮ ሚስ ሮዛ ድራይቭ አድርጋ መለሰችን። በራችን ላይ ስታቆም ሞተሩን አጠፋችና ተናገረችኝ። መቆጣት አልነበረም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ሐሙስ ሐሙስ የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ቡድን አለኝ። ዓመቱን ሙሉ ኳስ ወርዋሪ ስፈልግ ነበር። ብትነግረኝ ኖሮ እዚያ አስገባት ነበር።»

«አሁንስ?» አልኳት።

«አሁን በወረቀቷ አሥራ ሁለት፣ በአፏ አሥራ አራት ናት። ሊጉ በሁለቱም አያስገባትም። ከሆስፒታል ይሁን ከቤተ ክርስቲያናችሁ፣ እውነተኛውን የሚል ነገር አምጣ። እኔ ከእንግዲህ ስለ አንተ ቃል ልሰጥ አልችልም።»

ወረቀቱን ለካርቱም ነፋስ እንደሰጠሁት ሳልነግራት ከመኪናዋ ወረድኩ።

ትርሲት ማልያዋን ራሷ አጠበች፣ ተኮሰች፣ አጣጥፋ ከበሩ አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ ፊቴ መጥታ ቆመች።

«ሁለቱን ዓመት እመልስልሻለሁ ብለኸኝ ነበር።»

እኔ፣ ለቃል አልሰንፍም የምለው ሰው፣ ማልያውን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። በለጡም አልጮኸችብኝም። «ለእትዬ ጥሩወርቅ ደውል» ብቻ አለች። «አንተ ከፈራህ እኔ እደውላለሁ።»

ስለ ግሪን ካርዱ አንዲት የሕግ ሰው አማክሬያለሁ። እውነቱን ጽፋችሁ አስተካክሉ፣ የሚሆነውን ግን ቃል አልገባልህም አለችኝ። ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ ነው። የእኔን ሰባት ዓመት ሞልቼ መልሻለሁ፤ አንድ እሑድ ጠዋት ሰባት ዓመት አረጀሁ። የትርሲት መስመር ግን ማስረጃ ይላል።

ልጆቻችሁን ለምታስመዘግቡ ሁሉ የምለው ይህን ነው። ብርቱካኑንም እልልታውንም ትደርሱበታላችሁ። ዕድሜዋን ግን እንዳለ ጻፉ። ልጅቱ ቁጥሩን ተሸክማ የምትሄደው በገዛ ጀርባዋ ነው።

የደወልነው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ስልክ የላትም፤ በደብዳቤ ተቀጣጥረን ጎረቤት ቤት ቁጭ ብላ ትጠብቀን ነበር። መስመሩ እንደ መጥበሻ ይንጫጫል።

«እትዬ፣ የትርሲትን የክርስትና ወረቀት ፈልጌ ነበር።»

«ምን? አንተ አይደለህ እንዴ ይዘኸው የሄድከው?»

«ጠፋ።»

«ጠፋ ወይስ አጠፋኸው?»

እህቴ ናት፤ ታውቀኛለች። «ቀደድኩት» አልኳት።

«ያጠመቋት ቄስ አርፈዋል። መዝገቡ ካለ አስፈልጋለሁ። ከሌለም እኔ አለሁ፤ በእጄ ነው የተቀበልኳት። ልጅቷን ስጠኝ» አለችኝ።

ትርሲት ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። «እትዬ፣ እኔ መቼ ነው የተወለድኩት?»

የእህቴ ድምፅ ከጆሮዋ አልፎ ለእኛም ይሰማ ነበር። የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ዘይቱኑ ፍሬ ይዞ። አባትሽ ደስ ብሎት ለመንደሩ ሁሉ መንታ ተወለደልኝ ብሎ አውርቶ፣ ሰው ሁለት ሁለት ስጦታ ይዞ መጥቶ። ትርሲት ፈገግ አለች፤ ከቶራንስ ወዲህ ስታደርገው የመጀመሪያዋ ነበር። «በመጪው ኅዳር አሥራ አምስት ይሞላሻል» አለቻት እህቴ።

«አሥራ አምስት» አለች ትርሲት። «እንደገና ይበሉኝ እስቲ።»

«አሥራ አምስት፣ የኔ ልጅ።»

ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ከግድግዳው ተላቀቀች፤ ትከሻዋ ወደ ኋላ ሄደ፣ አንገቷ ወጣ። ያን ያህል ረጅም መሆኗን እኔ አባቷ አላውቅም ነበር። በለጡ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች።

«አባትሽስ?» ስትል ሰማኋት እህቴን። «ያ ቀልደኛ ዛሬም ያስቃችኋል?»

ትርሲት ዞራ አየችኝ። እጄን ዘርግቼ ስልኩን እየጠበቅኩ ነበር።

«አይ» አለቻት። «አሁን ዝም ብሏል።»

ስልኩን ግን አልሰጠችኝም።